ጋፋት፣ ስደትና የዓለም ፖለቲካ

በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ስደትና ስለ ጦርነት ንግግር ሲደረግ፣ «ይሄ ከኛ ደብረ ታቦር ጋር ምን አገናኘው?» የምንል ብዙዎች ነን። እስቲ ወገኖቼ፣ ከከተማው ወጣ ብለን ጋፋት ላይ እንቁም።

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው። ሠሪዎቹ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የመጡት ግን ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መሣሪያ ሊሠሩ አልነበረም። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ፈልገው ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ጠፋ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ። የደብዳቤው ዝምታ ጦር ጎትቶ መጣ።

በ1860 ዓ.ም. መባቻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተያዘ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ከዚያ በኋላስ? ስደት ነዋ! ከጋፋት ሰዎች ዋልድማየር ሊባኖስ ገባ፤ ሞሪትስ ሆል ጃፋ ሰፈረ። የሐበሻ ደም ያላቸው ሚስቶቻቸውም አብረው አገር ለቀቁ። ልዑል ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ቀረ።

የነዚህን ስም እናውቃለን። ቤቱ የተቃጠለበት የደብረ ታቦር ሰው፣ መድፉን የጎተተው ገበሬስ ወዴት ሄደ? እነሱን እኛ የታሪክ ተማሪዎች ካልፈለግናቸው ማን ይፈልጋቸዋል? በሚቀጥለው ንግግር ላይ እጃችንን አውጥተን የምንጠይቀው ይኼን ይሁን።