በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ውጤት ለማሻሻል የሚዘጋጅ ዕቅድ፦ አዘገጃጀቱና የወላጆች ድርሻ

የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት ከፍ ለማድረግ በሦስት ዓመታት ውስጥ የሚያከናውናቸውን ተግባራት፣ የሚያስፈልገውን ሀብትና የፈጻሚዎችን ኃላፊነት የሚያሳይ ሰነድ ነው። የሦስት ዓመቱ ዕቅድ በየዓመቱ ወደ ዓመታዊ ዕቅድ ይመነዘራል። ሰነዱ የርእሰ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎችና የአካባቢው ኅብረተሰብ በዝግጅቱም ሆነ በክትትሉ ድርሻ አላቸው። ይህ ጽሑፍ ዕቅዱ እንዴት እንደሚዘጋጅና ወላጆች በምን መልኩ ሊሳተፉ እንደሚችሉ ያብራራል።

የፕሮግራሙ መነሻ

የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ከያዛቸው 6 ፕሮግራሞች አንዱ ነው። የትምህርት ሽፋን በስፋት ባደገባቸው ዓመታት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚያገኙት ዕውቀት ከቁጥሩ ዕድገት ጋር እኩል አለመራመዱ ለፕሮግራሙ መጀመር ዋነኛ ምክንያት ሆኗል።

የችግሩን ክብደት ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና ነው። በምዘናው ከተካተቱ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍል ደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በታችኛ ክፍሎች ማንበብ ያልቻለ ሕፃን በሚቀጥሉት ክፍሎች ሒሳቡንም ሳይንሱንም ለመከታተል ይቸገራል። የመሻሻል ዕቅድ ዋና ዓላማም ይህን ክፍተት በጊዜ ለይቶ መሙላት ነው።

ዕቅዱ የሚያተኩርባቸው 4 ዐበይት ጉዳዮች

1. መማርና ማስተማር፦ የመምህሩ የማስተማር ዘዴ፣ የሥርዓተ ትምህርቱ አተገባበርና የተማሪዎች ምዘና፤
2. ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፦ የተማሪዎች ደኅንነት፣ ተሳትፎና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ የሚሰጥ እገዛ፤
3. የትምህርት ቤት አመራርና አስተዳደር፦ የጋራ ራእይ፣ የአመራር ብቃትና የሀብት አጠቃቀም፤
4. የኅብረተሰብ ተሳትፎ፦ ከወላጆችና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የሚደረግ ትብብር።

አራቱ ጉዳዮች የሚደጋገፉ ቢሆኑም የሌሎቹ ሁሉ ፋይዳ የሚለካው ለመማርና ማስተማሩ በሚያበረክቱት አስተዋጽኦ ነው። አጥር ማጠር፣ ክፍል መገንባትና መቀመጫ ማሟላት አስፈላጊ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ በግንባታና በጥገና ተሞልቶ የተማሪዎችን ንባብና ስሌት የማይጠቅስ ዕቅድ የፕሮግራሙን ዓላማ አያሳካም።

የዕቅዱ አዘገጃጀት

ደረጃ 1፦ ኮሚቴ ማደራጀት። የትምህርት ቤት መሻሻል ኮሚቴ በርእሰ መምህሩ ሰብሳቢነት ከመምህራን፣ ከወላጆች፣ ከተማሪዎችና ከአካባቢው ኅብረተሰብ በተውጣጡ አባላት ይደራጃል።

ደረጃ 2፦ መረጃ ማሰባሰብ። የተማሪዎች ውጤት በክፍል፣ በትምህርት ዓይነትና በጾታ ተለይቶ ይጠናቀራል። የመቅረት፣ የማቋረጥና የመድገም መጠን እንዲሁም የመጻሕፍት ሥርጭት አብረው ይታያሉ። አጠቃላይ አማካይ ውጤት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጥቂት ጎበዝ ተማሪዎች የሚያስመዘግቡት ከፍተኛ ውጤት የብዙዎችን ድክመት ሊሸፍን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ግለ ግምገማ ማካሄድ። ትምህርት ቤቱ በአራቱ ዐበይት ጉዳዮች ያለበትን ደረጃ በማስረጃ ይመዝናል። የመምህራን፣ የወላጆችና የተማሪዎች አስተያየት በየራሱ ይሰበሰባል።

ደረጃ 4፦ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን መለየት። ውስን ሀብትና ጊዜ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉንም ችግር በአንድ ዓመት ሊፈታ አይችልም። በውጤት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያላቸውና በትምህርት ቤቱ አቅም ሊፈቱ የሚችሉ ጥቂት ጉዳዮች ይመረጣሉ።

ደረጃ 5፦ የሚለካ ግብ ማስቀመጥ። ግቡ አሁን ካለው መነሻ ተነሥቶ የት፣ መቼ መድረስ እንደሚፈለግ በቁጥር ይገልጻል።

ደረጃ 6፦ ተግባር፣ ፈጻሚ፣ ጊዜና በጀት መመደብ። እያንዳንዱ ተግባር ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ሊኖረው ይገባል። የትምህርት ቤት ድጎማም በዕቅዱ መሠረት ሥራ ላይ ይውላል።

ደረጃ 7፦ ማወያየትና ማጽደቅ። ረቂቁ ለወላጆችና ለመምህራን ቀርቦ ከዳበረ በኋላ በሚመለከተው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ይጸድቃል።

ለማሳያ የሚሆን ምሳሌ

«የተማሪዎችን የንባብ ችሎታ ማሻሻል» የሚል ግብ ለክትትል አይመችም። የሚከተለው አገላለጽ ግን ይለካል፦ በመስከረም ወር በተሰጠ ምዘና ከ60 የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች 25ቱ አጭር ምንባብ አንብበው መረዳት ካልቻሉ፣ ይህን ቁጥር እስከ ሰኔ ወር ከ10 በታች ማድረግ። ለዚህም ተማሪዎቹን በንባብ ደረጃቸው መድቦ በሳምንት ሦስት ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት፣ መምህራኑ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴን በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መርሐ ግብራቸው እንዲያካትቱ ማድረግ፣ መጻሕፍት ወደ ቤት እንዲወሰዱ መፍቀድና በየወሩ መመዘን በተግባርነት ሊያዙ ይችላሉ። ቁጥሩ በየካቲት ወር ካልቀነሰ የሰኔ ወርን ሳይጠብቁ ዘዴውን መለወጥ ያስፈልጋል።

ክትትልና የውጭ ምዘና

የዕቅዱ አፈጻጸም ቢያንስ በየመንፈቀ ዓመቱ ተገምግሞ ለወላጆች ሪፖርት ሊደረግ ይገባል። የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች ሙያዊ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። በማዕቀፉ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት ደግሞ 40 በመቶ ተሰጥቷል። ይህም ግብዓት ማሟላት ብቻውን ትምህርት ቤትን ወደሚፈለገው ደረጃ እንደማያደርስ ያመለክታል።

ወላጆች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

• ትምህርት ቤቱ የዘንድሮ ዕቅድ አለው? በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል ወይስ በወላጆች ስብሰባ ቀርቧል?
• በዕቅዱ ቅድሚያ የተሰጣቸው ጉዳዮች ምንድን ናቸው? ከተማሪዎች ውጤት ጋር የሚያያዙትስ እንዴት ነው?
• ልጄ ያለበት ክፍል የንባብና የሒሳብ ውጤት ምን ይመስላል? ወደ ኋላ ለቀሩ ተማሪዎች ምን ድጋፍ ይሰጣል?
• የድጎማው ገንዘብና የኅብረተሰቡ መዋጮ ለምን ሥራ ዋለ?

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆችም እነዚህን ጥያቄዎች በቃል ማቅረብና ማብራሪያ ማግኘት ይችላሉ። የወላጅ ድርሻ ገንዘብ በማዋጣት አይወሰንም፤ ልጅን በሰዓቱ ወደ ትምህርት ቤት መላክ፣ የጥናት ጊዜ መስጠትና በስብሰባ ተገኝቶ ሐሳብ ማቅረብ ለዕቅዱ መሳካት ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

ቅሬታ ሲኖር

በዕቅዱ ዝግጅት ወይም አፈጻጸም ላይ ጥያቄ ያለው ወላጅ በቅድሚያ የክፍል ኃላፊውን መምህርና ርእሰ መምህሩን ያነጋግራል። ምላሽ ካላገኘ ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ቀጥሎም ለትምህርትና ሥልጠና ቦርዱ ማቅረብ ይችላል። በዚህም ካልተፈታ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ለክልሉ ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ያመለክታል። ቅሬታው የቀረበበትን ቀንና የተሰጠውን ምላሽ በጽሑፍ መያዝ ክትትሉን ያቀላጥፋል።

የአዲሱ ዓመት ዕቅድ በአብዛኛው የሚዘጋጀው የትምህርት ዘመኑ ሲጠናቀቅና የተማሪዎች ውጤት ሲታወቅ በመሆኑ፣ ሐሳብ ማቅረብ የሚፈልጉ ወላጆች ከግንቦት ወር ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ቢያነጋግሩ አስተያየታቸው ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ሊካተት ይችላል።