አምስት ኪሎ፣ አንድ ውቅያኖስ

ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2003) አየርላንድ ውስጥ፣ ክሊፍደን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ማኒን በተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ በእጅ የተሠራች አንዲት አውሮፕላን አረፈች። የተነሳችው ከካናዳ ነበር። ውስጧ ሰው የለም፤ ሰው ቀርቶ ድመት የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበራትም። የክንፏ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ80 ያህል ነው። ከእንጨትና ከስስ ሽፋን የተሠራች፣ በሬዲዮ የምትመራ ሞዴል አውሮፕላን ናት። አትላንቲክን በ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አቋርጣ ነበር የመጣችው።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች «የተገለበጠ ፒራሚድ» የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስለተጋትነው አይጠፋንም። ዋናው ወሬ ከላይ፣ ዝርዝሩ ከታች፤ ቦታ ሲጠብ አርታኢው ከታች በኩል ይቆርጣል። የዚህችም አውሮፕላን ዜና እንዲያ ሆኖ ነው የተጻፈው። አረፈች፣ ክብረ ወሰን ሰበረች፣ ኮምፒውተርና ሳተላይት መራት። እኛ ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚያ ከታች ስለሚቆረጠው አንቀጽ ነው፤ ከመነሳቷ በፊት ስለነበረው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1937 (እ.ኤ.አ.) መመለስ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ ከተማ፣ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ አውሮፕላን ይሠራል፣ ሌላው የሬዲዮ አማተር ነው። ሁለቱን ሙያ ሲያገናኙት «ጋፍ» ያሏት፣ 2 ሜትር ከ40 የሚሆን ክንፍ ያላት ሞዴል ተወለደች። ያን ጊዜ ትራንዚስተር አልተፈጠረም። ሬዲዮው በመብራት አምፖል በሚመስሉ ቱቦዎች የሚሠራ፣ ባትሪውም ከባድ ስለነበር ክንፏ ትልቅ መሆን ግድ ነበረበት። ይህን ልብ በሉልን፤ ገና ከጅምሩ የዚህ ጨዋታ ጠላት ስበት ብቻ ሳይሆን ሚዛን ነው። ጋፍ በ1960 ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጠች። ዋልተር ጉድ ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠርቷል። የእኛ ባለታሪክ ሜይናርድ ሂልም የብረታ ብረት ሳይንቲስት ሆኖ የሠራው እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

ሂል በ1926 የተወለደ ሰው ነው። በ1970 አንዲት ሞዴል አውሮፕላኑን 8,208 ሜትር ከፍታ ላይ አድርሷል። ኪሊማንጃሮን አልፎ ማለት ነው። መሬት ላይ ሆኖ፣ በመነጽር እየተከታተሉ፣ በጣት መሪ። ያን ከፍታ ላይ ያለች ሞዴል ለዓይን ምን ያህል እንደምትሆን አስቡት። በላቦራቶሪው ደግሞ በከባቢ አየር ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ መስክ ተጠቅማ ክንፏን ራሷ የምታስተካክል አውሮፕላን ሠርቷል። ሰው አልባ አውሮፕላን ከሚባለው ነገር ጀርባ ካሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው ብንል አላጋነንንም። (እዚህ አገር «ድሮን» ሲባል ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያየው በምን ስሜት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ነገሩ ከመጫወቻ ሜዳም እንደመጣ ግን አንርሳ።)

እንግዲህ ይህ በዓይኑ የኖረ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ዓይኑ ከዳው። አትላንቲክን አቋርጣለሁ ብሎ ሲነሳ በአሜሪካ ሕግ ዓይነ ስውር ተብሎ የሚመደብ፣ ጆሮውም የደከመ፣ 77 ዓመት የሞላው አዛውንት ነበር። አውሮፕላኖቹን የሠራቸው ግን አብዛኛውን በራሱ እጅ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ነው። የማያየውን ሌሎች አዩለት። ኤሌክትሮኒክሱን፣ መሪውን፣ ሙከራውን የሚሠሩ ጓደኞች ነበሩት። የሙከራ በረራው ይካሄድ የነበረው በሜሪላንድ፣ ቢቸር በትስ የተባለ ወዳጁ እርሻ ላይ ስለነበር አውሮፕላኗ «የበትስ እርሻ መንፈስ» ተባለች። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠባት አውሮፕላን «የሴንት ሉዊስ መንፈስ» ትባል ስለነበር ቀልድም አለበት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የያኔ ደንብ መሠረት ሞዴል አውሮፕላን ነዳጇን ጨምሮ ስትነሳ ከ5 ኪሎ መብለጥ አልነበረባትም። ሞተሯም ከ10 ሲሲ መብለጥ አልነበረበትም። የሂል አውሮፕላን ባዶዋን 2.7 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ስለዚህ ለነዳጅ የሚቀረው 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ለ39 ሰዓት ብታካፍሉት በሰዓት 60 ግራም ይደርሳታል፤ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው። በዚያች ሲኒ ወደ 78 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ ፍጥነት።

ገባችሁ? 60 ግራም ትርፍ ኮላ፣ 60 ግራም በብርጭቆ ወረቀት ሳይፋቅ የቀረ እንጨት፣ 60 ግራም ወፈር ያለ ሽቦ፣ አንድ ሰዓት በረራ ነው። አንድ ሰዓት ደግሞ 78 ኪሎ ሜትር ባሕር ነው። ጂፒኤስ መንገዱን ያሳያል እንጂ ነዳጅ አይጨምርም። የሳተላይቱም ነገር እንዲሁ፤ የት እንደወደቀች ይነግር ይሆናል እንጂ ከመውደቅ አያድናትም። ለዚህ ነው ክብሩን ሁሉ ለኮምፒውተሩ የሰጡትን ጽሑፎች ስናነብ የማይዋጥልን።

ሞተሩም እንዲሁ በገበያ እንደተገኘ አልገባም። ባለ አራት ምት፣ 10 ሲሲ የሞዴል ሞተር ነው። ሂል እንደ ፍም ቀልቶ በሚቆየው የሞዴል ካንዴላ ምትክ እንደ መኪና ብልጭታ በሚሰጥ ካንዴላ እንዲሠራ አደረገው። ሞዴሎች ከሚነዱበት የአልኮል ድብልቅ ይልቅ ለካምፕ ፋኖስ የሚሸጠውን የጠራ ነዳጅ ከዘይት ጋር እንዲጠጣም ካርቡራተሩን አስተካከለው። ሰልባትዮውም እንደፈለጉ የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም። ከክብደቷ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው በመንገድ ላይ የሚያልቅ ነዳጅ ስለሆነ፣ የሚዛኗ ነጥብ ላይ ካልተቀመጠ ነዳጁ በጎደለ ቁጥር አፍንጫዋ ወይም ጅራቷ ያዘቀዝቃል።

ሞዴል ሠሪ ማንም ቢሆን ከመጀመሪያው በረራ በፊት የሚያደርገው አለ። ክንፏን ከሥር በሁለት ጣት ደግፎ ያነሳታል፤ ቀጥ ብላ ከቆመች ሚዛኗ ልክ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ መታጠፏን ያያል፤ ተገልብጦ የተገጠመ መሪ የብዙ ወራት ሥራን በአምስት ሴኮንድ ትቢያ ያደርጋል። ሬዲዮውን ይዞ እየራቀ ትእዛዙ መድረሱን ይፈትሻል። ሞተሩን መሬት ላይ ያሠራዋል፣ ያዳምጠዋል። ሂል ግን ማዳመጡም ማየቱም የሰው እርዳታ የሚያሻው ሰው ነበር። ጣቱ ብቻ ነው በሙሉ የቀረለት።

መውደቅም ነበር። በኦገስት 2002 ሦስት ሙከራ ተደረገ፤ ሦስቱም አልተሳኩም። አንዳንዴ አንድ ሰው መሞከሩን የሚያቆምበት ምክንያት በቂ ሆኖ ሳለ ለምን እንደማያቆም መጠየቅ ያምረናል፤ ይሁን እንለፈው። በ2003 ወደ ኒውፋውንድላንድ ተመለሱ። አራተኛዋም ጠፋች። አምስተኛዋ ቀረች።

ኦገስት 9 ቀን፣ ኬፕ ስፒር ላይ፣ ከምሽቱ 1፡45 ገደማ ሂል በእጁ ወረወራት። ሰዓቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ሁለት ሌሊት በባሕር ላይ አሳልፋ አየርላንድ ስትደርስ ብርሃን መሆን አለበት። ጓደኛው በሬዲዮ ይዟት ከፍ ካለች በኋላ ለራሷ መሪ ተዋት። ከዚያ ወዲያ ማንም አላያትም። 300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጨለማ፣ ከውኃ በላይ ብቻዋን።

መሐል ላይ ከሳተላይቱ የሚመጣው መረጃ ለሰዓታት ተቋረጠ። በቃ፣ ይህችም ወደቀች ተባለ። አልወደቀችም ነበር።

ማረፊያው የተመረጠውም በታሪክ ምክንያት ነው። በጁን 1919 አልኮክና ብራውን የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን ሳያርፉ አትላንቲክን በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋርጡ የተነሱት ከዚያው ከኒውፋውንድላንድ፣ የወረዱትም ክሊፍደን አጠገብ ካለ ረግረግ ላይ ነበር። በማኒን የሞዴል በረራ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴቭ ብራውን ሬዲዮ መሪውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ሲል ከባሕሩ በኩል አንዲት ነጥብ ታየች። ከኮምፒውተሩ ተረክበው አሳረፏት። ሂል ኒውፋውንድላንድ ሆኖ በስልክ ሲነገረው ባለቤቱን አቅፎ አለቀሰ። ሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት የሚበቃም አልነበረም።