መውጫ በሩ የት ነው?

ሰሞኑን ለግል ብሎጌ አዲስ ሶፍትዌር ልሞክር ብዬ ሦስት ምሽት ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ አመሸሁ። ጓደኞቼ «ዲዛይኑ ያምራል?» ይሉኛል። እኔ ግን ቀድሜ የምፈልገው መውጫ በሩን ነው። ተማሪ ሳለሁ የምጽፍበት ነጻ አገልግሎት ሲዘጋ አርባ የሚሆኑ ጽሑፎቼ አብረው ጠፉ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ከአያቴ ጋር ያደረግሁት ጭውውት ነው። አያቴ ዛሬ የሉም፤ ቅጂም አላስቀረሁም።

ይህ ጭንቀት የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብሎግ ሶፍትዌር ታሪክ ራሱ የመሸጋገር ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰው ገጹን በእጁ በኤችቲኤምኤል እየሠራ ነበር የሚሰቅለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 ብሎገር መጣና ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን በቂ ሆነ። በኦክቶበር 2001 ደግሞ ቤን እና ሜና ትሮት የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሙቫብል ታይፕን አወጡ። በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫን፣ ለግል ጸሐፊም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለነበር ብዙ ሰው ወደደው።

በሜይ 2004 ግን ሦስተኛው እትም ከአዲስ የዋጋ ዝርዝር ጋር ብቅ አለ። ክፍያው በጸሐፊና በብሎግ ብዛት የሚወሰን ሆነ። ጩኸቱ ቀለጠ! ማርክ ፒልግሪም የተባለው የታወቀ ፕሮግራመርና ብሎገር 535 ዶላር እንደሚጠየቅ አሰላ፤ ያንኑ ገንዘብ ለወርድፕሬስ ሠሪዎች ለገሰና ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ተዛወረ።

ወርድፕሬስ ያኔ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነው። የተወለደውም ከዚሁ ዓይነት ስጋት ነበር። የ19 ዓመቱ ማት መለንዌግ የሚጠቀምበት ቢ2 የተባለ ፕሮግራም ሠሪው ድምፁን አጥፍቶበት ነበር። ሆኖም የቢ2 ፈቃድ ማንም ኮዱን ወስዶ እንዲያሻሽል ይፈቅዳል። ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ «አግዝሃለሁ» አለው፤ ሁለቱም በሜይ 27 ቀን 2003 የመጀመሪያውን እትም ለቀቁ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሙቫብል ታይፕ የሰውን ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ተራ ፋይል አውጥቶ ይሰጥ ነበር፤ ወርድፕሬስም ያንን ፋይል ያነብ ነበር። የተቆጣው ሁሉ ጽሑፉን ይዞ መሄድ የቻለው በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ለዚህስ የተወቀሱት ባልና ሚስት ምስጋና ይገባቸዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ለፊደሉ የየራሳቸውን ኮድ ስለሚሰጡ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬም ቢሆን ዳታቤዙ ዩኒኮድን እንዲቀበል ካልተዘጋጀ «ሀ»ም «ለ»ም የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዴ እንዲያ ከተቀመጡ መመለሻ የላቸውም።

ስለዚህ ሙከራዬ ቀላል ነበር። «ቋንቋ»፣ «ጓደኛ»፣ «ኀይል» የሚሉ ቃላት ያሉበት አጭር ጽሑፍ ለጠፍኩ፤ ከዚያ ፋይሉን አውጥቼ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ሶፍትዌር ውበቱ ዓይን ይስባል፤ የሰጠኝ ግን የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው። ሁለተኛው መልኩ ደብዛዛ ነው፤ ፊደሉን ግን ከነቀኑ ሳያጎድል መለሰልኝ። ያለ ብዙ ማመንታት ሁለተኛውን ያዝኩ።

እናንተም ብሎግ ካላችሁ ዛሬ ማታ ጽሑፋችሁን አውጡና ከፍታችሁ እዩት። መልኩን በሌላ ቀን ታሳምሩታላችሁ። እኔ የአያቴን ጭውውት በቃሌ ያስታወስኩትን ያህል እንደገና ጽፌዋለሁ፤ የራሳቸው ቃል ግን አልተመለሰልኝም።