ደወል ደዋዩ ካዚሞዶ

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ እናንብብ። የጻፈው ፈረንሳዊው ቪክቶር ሁጎ ነው። መጽሐፉ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ግን የ1482 ነው።

የመጽሐፉ ዋና ሰው ካዚሞዶ ይባላል። ጀርባው ጎባጣ፣ እግሩ አንካሳ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ ነው። በሕፃንነቱ በፓሪስ ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ተጥሎ ተገኘ። ቀኑ እኛ ዳግም ትንሣኤ የምንለው እሑድ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣለት። አድጎ ደወል ደዋይ ሆነ። የደወሉ ድምፅ ጆሮውን አደነቆረው።

አንድ ቀን በአሳዳጊው ትእዛዝ አንዲት ልጃገረድ ሊጠልፍ ሲል ተያዘ። ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛውም ጆሮው አይሰማም! ልብ በሉ፣ ሁለቱም አይሰሙም፤ አንዱ ይፈርዳል፣ አንዱ ይገረፋል። አደባባይ ላይ ታስሮ ውሃ ሲለምን ሕዝቡ ሳቀበት። ያጠጣችው ያችው ሊጠልፋት የነበረችው ልጅ ናት። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ሁጎ ይህን የጻፈው ያረጀው ቤተ ክርስቲያን እንዳይፈርስ ብሎም ነው። መጽሐፉ በብዙ ሰው እጅ ገባ። ጎባጣውን ደዋይ የወደደ ሰው ቤቱንም ወደደለት። በ1845 መንግሥት ለማደሻ ገንዘብ መደበ። በ2019 ጣራው ተቃጠለ። በ2024 ታድሶ ተከፈተ፤ ደወሎቹም ተደወሉ።