ወላስማ፦ የነገሥታት ስም የሹመት ስም ሲሆን



የዛሬውን ገለጻ የምጀምረው ከዚህ ቀደም ስለ ይፋት ሱልጣኔት ባቀረብሁት ንግግር ማብቂያ ላይ ከቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ስለ ሱልጣኔቱ አመሠራረት፣ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር ስላደረገው ጦርነትና ስለ መጨረሻው ተናግሬ እንዳበቃሁ አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሡና፣ «ልጄ፣ ከዚያ በኋላ እኛ ወዴት ሄድን?» አሉኝ። አዳራሹ ሣቀ። እኔ ግን የሚረባ መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መልስ ያጣሁበት ምክንያት የእኔ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። የይፋትን ታሪክ የምንጽፍባቸው ምንጮች በአመዛኙ የተጻፉት በሌላ ቦታ ለሌላ አንባቢ ነው። በወረራው ዘመን ከፍተኛ ሹም የነበረው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ባሳተመው አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል የወላስማ ቤት በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ድል እንዳደረገ እናነባለን። አል ዑመሪ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ይፋት ብዙ ነገር ጽፏል፤ ሀገሪቱ በአንድ በኩል የ15፣ በሌላ በኩል የ20 ቀን መንገድ እንደነበረች ይነግረናል። ነገር ግን እርሱ ይፋትን በዓይኑ አላየም፤ ከሀገራችን ወደ ግብፅ ከሄዱ ሰዎች የሰማውን ነው የመዘገበው። በሦስተኛ ደረጃ የምንጠቅሰው የዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የ1332ቱን ዘመቻ ከአሸናፊው ድንኳን ሆኖ ይተርካል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዕራችን ሱልጣኖቹን ይከተላል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የወላስማ ቤት ወደ ምሥራቅ ሲያፈገፍግ ታሪክ ጸሐፊዎችም አብረው ወደ አዳልና ወደ ዘይላ ይጓዛሉ። በሀገሩ የቀረው ገበሬ፣ ነጋዴና ሸማኔ ግን ከገጹ ይጠፋል። የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የ1972 ታላቅ ሥራ እንኳ፣ የተነሣበት ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በመሆኑ፣ ይፋትን በዋናነት የሚያየው ከነገሥታቱ ጉዳይ አንጻር ነው። ይህን የምለው ያለዚያ መጽሐፍ አንድ ርምጃ መራመድ እንደማንችል እያወቅሁ ነው።

ታዲያ ሱልጣኖቹ ከሄዱ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። በ1841 የብሪታንያ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ሲመጣ፣ ከተራራው ግርጌ በፋሬ የተቀበለው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሹም «ወላስማ» ሙሐመድ ይባል ነበር። በዚያው ዘመን በአልዩ አምባ የሰነበተው ቻርልስ ጆንስተንም ይህን ሹም ይጠቅሰዋል። የሥርወ መንግሥቱ ስም የሹመት ስም ሆኗል ማለት ነው!

ሰውየው በእርግጥ የጥንቱ ቤት ዘር ነበር? ስሙ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም፤ ተማሪዎቼ በዚህ ነጥብ ላይ እንዳይቸኩሉ አደራ እላለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንድ ክርስቲያን ንጉሥ በሙስሊም ሹሙ ላይ ይህ ስም እንዲቀር ለምን ፈቀደ? ወላስማው ከባሕር የሚመጣውን ቅፍለት ይቀበላል፣ ቀረጡን ያስከፍላል፣ እንግዳውን ያግዳል ወይም ወደ አንኮበር ያሳልፋል። የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት የሚታሰሩበትን የጎንጮን ግዞትም የሚጠብቀው እርሱ ነበር። ጨው፣ ቡናና ጨርቅ፣ እንዲሁም ሳንሸፋፍን እንናገረውና ባሪያ፣ በአልዩ አምባ አካባቢ ገበያ ላይ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። እንዲህ ያለውን መንገድ ከደጋው ሆኖ በጦር ብቻ ማስተዳደር አይቻልም። የቆላው ሰው የሚያውቀውና የሚሰማው ስም ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ንጉሡ ስሙን አልሰጠም፤ በቦታው ቆይቶ ያገኘውን ነው የተጠቀመበት። ስሙ በቦታው የቆየው ደግሞ የሚጠራው ሰው ስላልጠፋ ነው።

ይህን የሥራ መስክ የከፈቱልን ከመንደር የተነሡ ጥናቶች ናቸው። ዶክተር አሕመድ ሐሰን ዑመር በ1987 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፋቸውን የሠሩት በኤፍራታና ጅሌ ወረዳ ታሪክ ላይ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በፓሪስ የዶክትሬት ጥናታቸውን በአልዩ አምባ ላይ አቀረቡ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን የፈረሱ ከተሞች መዝግበው አሳትመዋል። «ተገኙ» ሲባል እሰማለሁ፤ ቃሉ ደስ አያሰኘኝም። ተመራማሪ ሳይደርስባቸው ስም የነበራቸው ቦታዎች ናቸው፤ ስማቸውን ለጥናቱ ያወረሰው የአካባቢው ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ዛሬ የመኪናው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ደሴ ይሄዳል። ያ መንገድ የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው፤ የጥንቱ የንግድ መስመር በፋሬና በአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣው ነበር። መንገዱ ሲዞር ገበያው ዞረ፤ ገበያው ሲዞር ስለ ጥንቱ መስመር የሚያወራው ሰው ቁጥር አነሰ። የጎንጮን ጠባቂዎች፣ የፋሬን ቀረጥ ተቀባዮች የሚያስታውስ ቤተሰብ ዛሬም ሊኖር ይችላል፤ ቃሉን ለመቀበል ግን የዐረብኛና የአርጎብኛ ዕውቀት፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትመርጡ ተማሪዎች ከንግግሩ በኋላ አነጋግሩኝ።

እኒያ አዛውንት ዛሬ በመካከላችን ካሉ፣ አባቴ፣ መልሴ ይኸውና፦ ሱልጣኖቹ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ እናንተ ግን የትም አልሄዳችሁም፤ እዚሁ ቀረጥ ስትቀበሉ ነበራችሁ። ካልተስማሙበት የመጀመሪያውን ዕድል የምሰጠው ለእርስዎ ነው።