የከፍተኛ ትምህርት በር በየዘመኑ

መንገደኛ ከቤቱ ሳይወጣ አስቀድሞ መንገዱን መጠየቅ ልማዱ ነው። ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚጓዘው ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚጠይቀው ከደጃፉ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት አያሌ ወጣቶች የማይወዱትን ትምህርት ሲማሩ፣ ሌሎችም የሚወዱት በር ተዘግቶባቸው ሲመለሱ እናያለን። ስለዚህ ይህ በር በአገራችን በየዘመኑ እንዴት እንደ ተከፈተና እንዴት እንደ ተለዋወጠ በአጭሩ መመልከት ለተማሪም ለመምህርም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ትምህርትን መርጦ መማርና ለመግቢያ የሚያበቃ ዕውቀት ይዞ መቅረብ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደል ያልቈጠረ፣ ንባብ ያልለየ፣ ዳዊት ያልደገመ ልጅ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ለመግባት አይበቃም ነበር። ከዚያም በኋላ ድጓ ማስመስከር የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ አኩፋዳውን ይዞ ይጓዝ ነበር። ቦታውን የሚመርጠው ለአገሩ ስለ ቀረበ ሳይሆን የሚሻው ዕውቀት በዚያ ስለሚገኝ ነው፤ ምን እንደሚጠየቅም ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ያውቀዋል።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ በአገር ውስጥ ዩኒቨርስቲ አልነበረም፤ ስለዚህ የበረቱት ተማሪዎች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ጀመረ። ከዚህ ቀጥሎ በ1945 ዓ.ም. የኢንጂኔሪንግ ኮሌጅ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ እንደዚሁም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የቆመው የሕንፃ ኮሌጅና በአሜሪካ እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተከፈቱ። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ ተማሪው በአንድ በር ሳይሆን በብዙ በሮች ፊት ይቆም ነበር። በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት ኮሌጆቹ በአንድ ስም ተጠቃለሉ። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ተጨመረ፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ለሕዝብ እንዲያገለግል የሚያዝዘው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተጀመረ። በዚህም ትምህርት መምረጥ ለራስ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለአገር የሚከፈል ዕዳ መሆኑ ታወቀ።

በዚያ ዘመን የበሩ ቁልፍ ሕዝቡ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ነበር። ውጤቱ በፊደል የሚሰጥ ሲሆን እንግሊዝኛና ሒሳብ ሊታለፉ የማይቻሉ ትምህርቶች ነበሩ። ስለዚህ በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ የበረታ ሆኖ ሒሳብን ከልጅነቱ የናቀ ተማሪ ስሕተቱን የሚረዳው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የአራት ዓመት እንጂ የአንድ ቀን አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሥርዓት ለወጠው። ተማሪው በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰደ በኋላ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን መስመር መርጦ ሁለት ዓመት ይዘጋጅ ጀመር። ምርጫው ከዩኒቨርስቲ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ 16 ዓመት ልጅ እጅ ገባ ማለት ነው። እኛም ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነበርን። የምርጫው ወረቀት በተሰጠን ቀን መስመሩ ወዴት እንደሚያደርስ አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው ጓደኞቻችን የሚሄዱበትን ነበር። የማኅበራዊ ሳይንስን ጻፍን። በኋላ የጤና ትምህርት ፍቅር ባደረብን ጊዜ ያ በር ለመረጥነው መስመር እንደማይከፈት ተረዳን፤ ለሌላው በርም ውጤታችን አልበቃም። እነሆ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን ወደ መንግሥት ሥራ ገባን። ሥራችንን አንንቅም፤ ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን በዚያ ቀን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረን ኖሮ እያልን የምናስብበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያም ወዲህ በሩ መለዋወጡን አልተወም። በ2000ዎቹ ዓመታት ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተደረገ። በ10ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ ተቋርጦ የነበረውም የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርስቲው ግቢ ተሰጥቶ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት አዋጅ ወጣ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም በቀዳሚነት ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ። እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. አንድ የሆነው በር እንደ ገና ወደ ብዙ በሮች እየተከፈለ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረን የመግቢያ ደንብ የሚለዋወጥ፣ አስቀድሞ የመጠየቅ ጥቅም ግን የማይለወጥ መሆኑን ነው። ታላቅ ወንድም የገባበት ደንብ ለታናሹ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ሦስት ነገር ይመርምር፤ የሚመኘው ትምህርት በመጨረሻ ምን ሥራ እንደሚያሠራው፣ ያ ትምህርት የትኛውን መስመርና የትኞቹን የትምህርት ዓይነቶች እንደሚጠይቅ፣ የዘንድሮው የመግቢያ ነጥብና ፈተና ምን እንደ ሆነ። ይህንንም የሚጠይቀው ውጤቱ በወጣ ማግስት ሳይሆን ገና 9ኛ ክፍል ሳለ ይሁን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና።

መምህራንም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የቀድሞው የቆሎ ተማሪ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው መምህር ነበረው። የዛሬውም ልጅ የምርጫውን ወረቀት ከመሙላቱ በፊት አንድ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ያን አንድ ሰዓት አንንፈገው።