ደንገልና የጣና ሐይቅ ዳርቻ ረግረግ

ደንገል በጣና ሐይቅ ዳርና ገባር ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡባቸው ረግረጋማ ቦታዎች የሚበቅል፣ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ አገር በቀል ተክል ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ሳይፐረስ ፓፒረስ ሲሆን በበዓላት ቀን በየቤቱ ከሚጎዘጎዘው ቄጠማ ጋር ይዛመዳል። አገዳው ሦስት ማዕዘን ያለውና ውስጡ አየር በያዘ ነጭ ገለባ የተሞላ ነው። ሥሩ በጭቃው ውስጥ ወደ ጎን እየተስፋፋ አዳዲስ አገዳ ስለሚያበቅል፣ አገዳው ቢታጨድም ሥሩ እስካልተነቀለና እስካልደረቀ ድረስ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

በሐሩር ክልል በሚገኙ የባሕር ዳርቻዎች ማዕበልን የሚያበርዱትና ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ የሚሆኑት ማንግሮቭ የተባሉ ጨው የሚቋቋሙ ዛፎች ናቸው። ከእነዚህ ዛፎች መካከል ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆኑት በቀይ ባሕር ዳርቻ ይገኛሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘውና ውሃው ጨው አልባ በሆነው ጣና ግን ተመሳሳዩን አገልግሎት የሚሰጡት ደንገል፣ ፊላና ሸምበቆ ሲሆኑ ከእነርሱ ኋላ ባለው መሬት ላይ አኻያ፣ ዶቅማና ዋንዛ ይበቅላሉ።

ጣና 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህም ምክንያት የውሃው ከፍታ ትንሽ ሲቀንስ ሰፊ መሬት ከውሃ በላይ ይቀራል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በሰከላ ወረዳ ከግሽ አባይ የሚነሳው ግልገል አባይ ከአራቱ ትልቁ ሲሆን በክረምት ከየተራራው የታጠበ አፈር ተሸክሞ ይደርሳል። ውሃው በደንገሉ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ከእርሻ ማሳ የታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም በከፊል ወደ ተክሉ ይገባል። ደንገሉ በሌለበት ሥፍራ ይኸው አፈርና ማዳበሪያ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይዘልቃል።

ቆሮሶና አምባዛን የመሳሰሉ ዓሦች በዕፅዋት በተሸፈነ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይራባሉ። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት ሸሸርና ዋላላ የተባሉ ረግረጎች ለዓሣ መራቢያነትና ለወፎች ማረፊያነት ይታወቃሉ። ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ቁራዎች ያይደሉ ረጃጅም እግር ያላቸው የክሬን ወፎችም በሐይቁ ዙሪያ ይከርማሉ።

ከደንገል ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። አባላቱ አገዳውን አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳው ዓሣ ለማስገር፣ እንዲሁም እህልና ማገዶ ለማጓጓዝ ያገለግላል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜው አጭር በመሆኑም ሠሪው ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ይፈልጋል። ስለዚህ የደንገሉ መራቅ አስቀድሞ የሚሰማው ለታንኳ ሠሪው ነው። የጣና ደንገል ዝና ከአገር ውጭም ደርሷል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ ራ የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ጥንት በፓፒረስ ወረቀቷ የታወቀችው ግብፅ በዚያን ጊዜ ለዚህ የሚበቃ የዱር ደንገል አልነበራትም።

በጣና ዳር ደንገሉ የተመናመነበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም ተሠርቶ በ1993 ዓ.ም ተስፋፋ። በ1995 ዓ.ም ዝናብ ማጠሩና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ መጨመሩ ተዳምረው ሐይቁ እጅግ ዝቅ በማለቱ የጀልባ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። ውሃው የለቀቀው መሬት በአካባቢው አጠራር ባሕር ሸሽ ይባላል። ባሕር ሸሽ መሬት እርጥበት የያዘና ለም በመሆኑ ወዲያው ይታረሳል፤ ከብትም ይሰማራበታል። መሬት ላጠረው ገበሬ ይህ ትልቅ ሲሳይ መሆኑ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ሥሩ የታረሰ ደንገል ውሃው ሲመለስ አብሮ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በመገጭ መግቢያ አካባቢ መታየቱ ተረጋገጠ። እምቦጭ እንደ ደንገል ዳርቻን ይዞ የሚኖር ሳይሆን በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ መጤ አረም ነው። ማዳበሪያና ፍሳሽ የበዛበት ውሃ ይስማማዋል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አረሙን ለመንቀል ብዙ ጉልበትና ገንዘብ ወጥቷል፤ ነገር ግን ደለልና ማዳበሪያ የሚያስቀረው የዳርቻ ተክል ካልተመለሰ የነቀላው ሥራ በየዓመቱ መደጋገሙ አይቀርም።

ሐይቁና አካባቢው በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የብዝሃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ፕሮጀክቶች አስቀድመው እንዲገመገሙ ያዝዛል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997ም፣ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 እስከተተካ ድረስ፣ የረግረግ መሬት ብዝሃ ሕይወት እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር። በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ግን ዋናው ጥያቄ የሐይቁ ወሰን በየትኛው የውሃ ከፍታ ይለካ የሚለው ነው። ወሰኑ በበጋው ውሃ ከተለካ ባሕር ሸሹ የእርሻ መሬት ይሆናል፤ በክረምቱ ሙላት ከተለካ ደግሞ የደንገሉ ሥፍራ ሆኖ ይቀራል።

ደንገልን መልሶ ለማልማት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከነባር ቁጥቋጦ ሥሩ ከነቡቃያው ተቆርጦ እርጥበት በማይለየው ጭቃ ላይ ይተከላል፤ ሥር እስኪይዝም ከከብት ንክኪ ይጠበቃል። ሲታጨድም አገዳው ብቻ ተቆርጦ ሥሩ እንዲቀር ይደረጋል።